ፒስታ

መቼም “ስጦታ አይናቅም” ይባላል፡፡ እኛ ቤት ግን አንድ ስጦታ ተንቋል፤ ለዚያውም አራት ልጆች አዋጥተን የገዛነው፡፡ ማን ናቀው? ብትሉ ራሳቸው ስጦታው የተሰጣቸው አባዬ ናቸው፡፡ (እሳቸው እንኳ “አልናቅሁም” ነው የሚሉት፡፡ እኔ ግን ፊታቸውን አይቻለሁ፡፡)

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ አባዬ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሾፌር ነበሩ፡፡ ከአዲስ አበባ ቡታጅራ፣ ከቡታጅራ ሆሳዕና፣ አንዳንዴም በወሊሶ አድርገው ወልቂጤ፡፡ መጀመሪያ በኤንትሬ እህልና ሲሚንቶ ጫኑ፤ ቀጥሎ አውቶቡስ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ቅጥቅጥ አይሱዙ ያዙ፡፡ ባለፈው መስቀል ወደ ቡታጅራ ለመግባት ስንዘጋጅ እንደ ወጉ “ለአባዬ ምን እንውሰድ?” ተባለ፡፡ ጋቢ አላቸው፤ ያውም ሦስት፡፡ ብርድ ልብስ አላቸው፡፡ ስልክ ብንገዛላቸው ለታናሽ እህቴ ይሰጧታል፡፡ ታላቅ ወንድሜ ቴሌግራም ላይ አንድ ማስታወቂያ አየና “አገኘሁት!” አለ፡፡ የእሽቅድምድም መኪና ራስዎ ይንዱ፤ ለሚወዱት ሰው በስጦታ ያበርክቱ፤ ሦስት ዙር ከምስክር ወረቀት ጋር! ዋጋውን አልነግራችሁም፡፡ ከነቆዳው አንድ ደህና ሙክት ይገዛ ነበር ብል ይበቃል፡፡

ዕድሜ ልካቸውን ጭነትና ሰው ሲያጓጉዙ የኖሩ ሰው አንድ ቀን ለራሳቸው ብለው ይንዱ… ይቺ ናት ሐሳባችን፡፡ አሁንም ክፉ ሐሳብ አይመስለኝም፡፡

ቦታው አዲስ አበባ ዳር ያለ ሰፊ ሜዳ ነው፡፡ አሮጌ ጎማ ደርድረው መንገድ አበጅተዋል፡፡ ሙዚቃው እስከ ሰማይ ነው፡፡ መኪናዋ ቀይ ናት፤ ጎኗ ላይ ቁጥር ተለጥፎባታል፡፡ አባዬ ከሩቅ አይተው ዝም አሉ፡፡ ቀረብ ብለው ዞሯት፡፡ ጎንበስ ብለው ከሥሯም አዩዋት፡፡ ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው በሹክሹክታ፣ “ይቺ እኮ ዲኤክስ ናት!” አሉኝ፡፡ እውነታቸውን ነው፡፡ የኋላ ወንበሯን አውልቀው፣ ማርሚታዋን ቆርጠው እንድትጮህ ያደረጓት የድሮ ኮሮላ ናት፡፡

የራስ ቁር አጠለቁላቸው፡፡ አንድ የእኔ እኩያ የሚሆን ልጅ ከጎናቸው ገባና እጁን የእጅ ፍሬኑ ላይ አኖረ፡፡ “ፋዘር፣ ከሁለተኛ ማርሽ እንዳያልፉ፡፡ ቀስ ይበሉ፣ አይፍሩ!” አላቸው፡፡ አባዬን! የጢያን ዳገት በጭቃ ስንት ክረምት የወጡትን ሰውዬ! “እሺ ልጄ” አሉት፡፡ ሁለት ዙር ነዱ፡፡ ሦስተኛው ላይ “ሰው በዝቷል፤ ሌላ ቀን መጥተው ይጨርሳሉ” ተብሎ ወረዱ፡፡ አራት ደቂቃ የሞላ አይመስለኝም፡፡ ምስክር ወረቀቱ ላይ ደግሞ ስማቸው በአንድ ፊደል ተሳስቷል፡፡

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ወንድሜ “አባዬ፣ እንዴት ነበር?” አላቸው፡፡ ትንሽ አሰቡና፣ “እኛ ከፒስታ ለመውጣት ስንት ዓመት ለፋን፤ እነሱ ፒስታ ሠርተው ያስከፍላሉ” አሉ፡፡

ሁላችንም ሳቅን፡፡ እኔ ግን ቃሏ አእምሮዬ ውስጥ ቀረች፡፡ ጋዜጠኝነት የተማረ ሰው ችግሩ ይኼው ነው፤ ቤተሰቡ ሲስቅ እሱ መዝገበ ቃላት ይገልጣል፡፡ ጎበዝ፣ “ፒስታ” ጣሊያንኛ ነው! እኛ አስፋልት ያልለበሰ የጠጠርና የአፈር መንገድ እንልበታለን፡፡ በጣሊያንኛ ግን ከዱካና ከተራ መንገድ ሌላ የእሽቅድምድም ሜዳም ፒስታ ነው፡፡ ስለዚህ አባዬ ሳያውቁት ትክክለኛውን ቃል ነው የተጠቀሙት፡፡ ቃሉ በሁለቱም ትርጉሙ ሄዶባቸዋል፡፡

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ነው “እኛ አገር መኪና በስጦታ ሲመጣ ምን ይሆናል?” እያልኩ ታሪክ መቆፈር የጀመርኩት፡፡

*

በ1899 ዓ.ም. ክረምት (እ.ኤ.አ. በ1907 መሆኑ ነው) ዓለም በመኪና እብድ ሆኖ ነበር፡፡ “ለ ማተን” የተባለው የፓሪስ ጋዜጣ “ከቤጂንግ ፓሪስ በመኪና የሚመጣ አለ?” ብሎ ጠየቀ፡፡ ጥቂት እብዶች “አለን” አሉ፡፡ ጣሊያናዊው ልዑል ሺፒዮኔ ቦርጌዜ ኢታላ በምትባል መኪና ሁለት ወር ነድቶ አሸነፈ፡፡ ሽልማቱ አንድ ትልቅ ጠርሙስ ሻምፓኝ ነበር፡፡ ልዑሉ ሉዊጂ ባርዚኒ የሚባል ጋዜጠኛ አሳፍሮ ነበር፤ ሰውየው በየደረሰበት ቴሌግራፍ እየፈለገ ለሚላኖው ኮሪየሬ ዴላ ሴራ ዜና ይልካል፡፡ (እኔ እስከ ዛሬ ከአዲስ አበባ ውጭ ለዘገባ የተላኩት አንድ ጊዜ ነው፡፡ እሱም ሚኒባስ ውስጥ፣ ሞተሩ ላይ ተቀምጬ፡፡)

በዚያው ሰሞን ሌላ እሽቅድምድም ወደ እኛ አገር እየመጣ ነበር፡፡ ቢድ ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ 18 የፈረስ ጉልበት ያላት ሲድሊ መኪና በመርከብ አስጭኖ ጅቡቲ አወረደ፡፡ ለማን? ለዳግማዊ ምኒልክ፡፡ አርኖልድ ሆልትስ የሚባል ጀርመናዊ ነጋዴም ሳክሶኒ ውስጥ ኮስዊግ ከተማ የተሠራች ናኬ የተባለች መኪና ይዞ ወደዚያው ወደ ምኒልክ ይመጣል፡፡ ባቡሩ ያኔ ድሬዳዋ ላይ ነው የቆመው፤ አዲስ አበባ የገባው ከአሥር ዓመት በኋላ በ1909 ዓ.ም. ነው፡፡ ለመኪና ተብሎ የተሠራ መንገድ የለም፡፡ ያለው የግመልና የበቅሎ መንገድ ነው፡፡ መኪናዋ አሸዋና ገደል ሲገጥማት በሰው ጉልበት እየተገፋችና እየተጎተተች ነው የመጣችው፡፡ ሰውን ልትሸከም የተሠራች ነገር በሰው ሸክም ገባች፡፡

ቤንትሌይ ቀደመ፡፡ በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ፡፡ ምኒልክ አዲስ ነገር ሲያዩ ደስታቸውን የማይደብቁ ንጉሥ ነበሩና መኳንንቱ እየፈሩላቸው ተቀመጡባት፡፡ የሆልትስ መኪና ሁለተኛ ሆነች፡፡ የሁለቱም ጉዞ በመጽሐፍ ወጥቷል፡፡ የጀርመኑ እ.ኤ.አ. በ1908 ታተመ፤ የእንግሊዙን ደግሞ ክሊፎርድ ሃሌ የሚባል ሰው ጽፎት በ1913 ወጣ፡፡ የሚያስቀው፣ የሁለቱም መጽሐፍ ርዕስ አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ “በመኪና ወደ ምኒልክ”፡፡ ርዕሱን ልብ በሉልኝ፡፡ ታሪኩ ስለ ነጂው ነው፡፡ ምኒልክ የመንገዱ መጨረሻ ናቸው፤ የተሰጣቸው ሰው ሳይሆኑ የተደረሰባቸው ቦታ፡፡

ደግሞም ስጦታው ንጹህ ስጦታ አልነበረም፡፡ በዚያ ዘመን አዲስ አበባ የሚመጣ ፈረንጅ ሁሉ ከኋላው የሚሸጠው ነገር ወይም የሚጠይቀው ፈቃድ ነበረው፡፡ ስጦታና ንግድ በአንድ ኮፈን ሥር ነበሩ ማለት ነው፡፡ ምኒልክ ይህን አያውቁም ነበር ብዬ አልገምትም፡፡

ከዚያስ? ከዚያማ በየት ይነዷት? ምኒልክ ራሳቸው ወደ አዲስ ዓለም መንገድ አሠርተው ነበር፡፡ አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዝያን በእንፋሎት የሚሠራ ከባድ ማሽን ያስመጣው ከቤንትሌይ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው፤ የአዲስ አበባ ሰው “የሰርኪስ ባቡር” ብሎ ስሙን እስከ ዛሬ ያነሣዋል፡፡ በተረፈ ግን ከተማዋ አቀበትና ቁልቁለት፣ ክረምት ሲሆን ጭቃ ነበረች፡፡ ንጉሡም ብዙ ሳይቆዩ ታመሙ፤ አልጋ ላይ ከርመው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ፡፡ ስጦታው ደረሰ፤ ዙሩ ግን አልሞላም፡፡

*

አሁን ወደ አገራችን ወደ ጉራጌ እንምጣ፡፡ በዚያ ዘመን ከጉራጌ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው በእግሩ ነበር፡፡ ቀናት ይፈጃል፡፡ አያቴ አባታቸው ስንቃቸውን ቋጥረው፣ ወንዝ ሲሞላ ዳር ላይ አድረው እንዴት እንደመጡ ይተርኩልን ነበር፡፡ ከተማዋ ውስጥ ቁፋሮና ሸክም የጉራጌ ሥራ ነበር፡፡ ሌላው በበቅሎ ሲሄድ መንገዱን የሚደለድለው ማን ነበር? መልሱን ለእናንተ ልተወው፡፡

መንገድ በብዛት የመጣው ከጠላት ጋር ነው፡፡ ጣሊያን በ5 ዓመት ውስጥ (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ለጦሩ ብሎ በየአቅጣጫው መንገድ ዘረጋ፡፡ በወልቂጤ በኩል ወደ ጅማ የሚሄደው አንዱ ነው፡፡ ወልቂጤ ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ዛሬ የጉራጌ ዞን ዋና ከተማ የሆነችው መንገድ ላይ ስለተቀመጠች ነው ብል የሚቆጣኝ ወልቂጤ ውስጥ ያሉት የእናቴ ዘመዶች ብቻ ናቸው፡፡ ጣሊያን ሲወጣ ቃላቱን ትቶልን ወጣ፡፡ እስቲ አንድ ጋራዥ ግቡና አድምጡ፤ ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ቸርኬ፣ ማርሚታ፣ ፖርቶመጋላ… መኪናውን ከነቋንቋው ነው የወረስነው፡፡ “መኪና” ራሱ የእነሱ ነው፡፡ መሪው ግን መሪ ተባለ፤ እሷ የእኛ ናት፡፡

በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ የዓለም ባንክም በዚያው ዓመት ለመንገድ 5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ፡፡ ገንዘቡ ለዋና ዋናዎቹ መንገዶች ነበር፡፡ ቡታጅራና እምድብር በዚያ ስሌት ውስጥ የሚጠሩ ስሞች አልነበሩም፡፡ ታዲያ በ1950ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ የከተሙ ጉራጌዎች ተሰበሰቡና “የራሳችንን መንገድ ራሳችን እንሥራ” አሉ፡፡ የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅት የተወለደው እንዲህ ነው፤ ከመሪዎቹ ስማቸው ጎልቶ የሚነሣው ጄኔራል ወልደሥላሴ በረካ ናቸው፡፡ መርካቶ ሱቅ ያለው ሱቁን አስልቶ፣ ሊስትሮው ከሳንቲሙ፣ አገር ቤት ያለው ገበሬ በቤተሰብ ቆጥሮ አዋጣ፡፡ ከወልቂጤ ወደ እምድብርና ከዚያም ወዲያ የሚወስደው መንገድ በዚህ መዋጮና በመንግሥት እገዛ ተከፈተ፡፡ በቡታጅራ በኩል ደግሞ የዓለምገና ወላይታ ሶዶ መንገድ ሥራ ድርጅት ተመሳሳይ ነገር ያደርግ ነበር፡፡ መዋጮው ለእድርና ለእቁብ የለመደ እጅ ስለነበረው ነው የሠራው ብዬ አምናለሁ፡፡

የተሠራው ግን አስፋልት እንዳይመስላችሁ፡፡ ፒስታ ነው! አባዬ ሾፌርነት የጀመሩት በዚህ መንገድ ላይ ነው፡፡ መልካ ቁንጥሬ ላይ አዋሽን ተሻግሮ፣ ጢያን፣ ቡኢን፣ ቄላን አልፎ ቡታጅራ፡፡ ዛሬ ከዋና ከተማው 130 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው ይህ መንገድ ያኔ በክረምት ቀኑን ሙሉ ይወስድ ነበር፤ አንዳንዴም ማደርን ይጨምር ነበር፡፡

በነገራችን ላይ በዚያው ዘመን ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ እንዲህ ያለው ጭቃ የዓለም ስፖርት ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ1953 ለንግሥት ኤልሳቤጥ ዘውድ መጫን መታሰቢያ ተብሎ የተጀመረው የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድር እንዲህ ባለ መንገድ ነበር የሚካሄደው፡፡ በ1963 እና በ1968 ከተነሡት ብዙ መኪኖች መጨረሻ የደረሱት ሰባት ሰባት ብቻ ናቸው፡፡ ሁለቱንም ያሸነፈችው ፔጆ 404 ናት፡፡ ይህንን ለአባዬ ባነብላቸው፣ “ታዲያ እኛ ዋንጫችን የታለ? ነሐሴ ውስጥ ከቡኢ ቡታጅራ የገባ ሁሉ ይገባው ነበር” አሉ፡፡

*

ስለ ስጦታ መኪና ሲነሣ ግን አንድ ሰው አለ፤ እሱን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም፡፡ አበበ ቢቂላ፡፡

የደብረ ብርሃን አካባቢው የጃቶ ልጅ በ1952 ዓ.ም. መጨረሻ ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ በ1957 ዓ.ም. ደግሞ ቶኪዮ ላይ በጫማ ማራቶንን አሸነፈ፡፡ በማራቶን ሁለት ጊዜ ተከታትሎ የኦሊምፒክ ወርቅ የወሰደ ከእሱ በፊት አልነበረም፡፡ ከቶኪዮ ሲመለስ ከተሰጡት ነገሮች አንዱ ነጭ ቮልስዋገን ነው፡፡ እስቲ አስቡት፤ በእግሩ ዓለምን ላሸነፈ ሰው እግሩን የሚያሳርፍበት ነገር ተሸለመ፡፡ በጊዜው ማንም ክፉ አላሰበም፡፡ መኪና ትልቁ ክብር ነበር፤ ዛሬም ነው፡፡

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ቮልስዋገኗ ተገለበጠች፡፡ እስኪነጋ የደረሰለት አልነበረም፡፡ ለሕክምና እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተላከ፤ እግሮቹ ግን ዳግመኛ አልቆሙም፡፡ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በ1962 ዓ.ም. እዚያው ስቶክ ማንደቪል በቀስት ተወዳደረ፡፡ በቀጣዩ ዓመት ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ጋሪ ውድድር አሸነፈ፡፡ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ሲሞት ገና 41 ዓመቱ ነበር፡፡

አባዬ ይህንን ታሪክ በጣም ያውቁታል፡፡ ልጅ ሆነው በሬዲዮ ሰምተዋል፡፡ ስጽፍ ቁጭ ብለው ያዩኝ ነበርና፣ “ሰጪዎቹ ምን አጠፉ? መኪና እንጂ አደጋ አልሰጡት” አሉኝ፡፡ ከዚያ ዝም አሉ፡፡ ቆይተው ነው ይህን የነገሩኝ፡፡

*

በደርግ ጊዜ አውቶቡስ በስምሪት ነበር የሚሄደው፡፡ ተራህን ትጠብቃለህ፣ መውጫ ትቀበላለህ፣ ትሄዳለህ፡፡ ማንንም ብትቀድም ጥቅም የለውም፡፡ መንግሥት ተለውጦ ገበያው ሲለቀቅ ሽሚያ መጣ፡፡ ቡኢ ላይ የቆመውን ሰው ቀድሞ የደረሰ ይጭነዋል፡፡ ቄላ ላይ ያለውንም እንዲሁ፡፡ አንድ ቀን፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ የመስቀል ሰሞን፣ አባዬ ከሌላ አውቶቡስ ጋር ተያያዙ፡፡ “ገንዘቡ ብቻ እንዳይመስልሽ” አሉኝ፡፡ “ደስ ይል ነበር፡፡ ተሳፋሪውም ‘በለው!’ ይል ነበር፡፡”

ረዳታቸው የ19 ዓመት ልጅ ነው፡፡ ስንደርስ ለማውረድ ጊዜ እንዳይፈጅ ብሎ አውቶቡሱ እየሄደ ፖርቶመጋላ ላይ ወጥቶ ገመድ ይፈታል፡፡ ያን ጊዜ ሁሉም ረዳት እንዲህ ያደርግ ነበር፡፡ የፊተኛው አውቶቡስ አቧራ መንገዱን ሸፈነው፡፡ አባዬ ፍሬን ያዙ፡፡ ልጁ ወደቀ፡፡ አልሞተም፤ አንድ እግሩ ግን እንደ ሌላው ሆኖ አልዳነም፡፡

ሰውየውን አውቃቸዋለሁ! ቡታጅራ ውስጥ ትንሽ ሱቅ አላቸው፤ ሲራመዱ ያነክሳሉ፡፡ መስቀል በመጣ ቁጥር ሥጋው ሲከፋፈል የእሳቸው ድርሻ መጀመሪያ ይወጣል፤ አድራሹ ሁልጊዜ አባዬ ራሳቸው ናቸው፡፡ እኛ ልጆቹ ዘመድ ነው የሚመስሉን፡፡ “ጋሼ” እያልን አድገናል፡፡ አባዬ በመስመሩ ላይ ቀሰስተኛ ተብለው የሚታወቁት፣ ሌሎች ሾፌሮች “አንተ ዛሬም ትደርሳለህ?” እያሉ የሚቀልዱባቸው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ፡፡ ኋላ ላይ አይሱዙን “አልቃይዳ”፣ ሲኖትራክን “ቀይ ሽብር” ብለን ስም ስናወጣ፣ አባዱላው በሌሊት ሲበር፣ እሳቸው መጨረሻ ገቢ ነበሩ፡፡ እናቴ “ሌሎቹ ሁለት ሲመላለሱ አንተ አንድ!” ስትል እሰማ ነበር፡፡ በዚያ በአንዱ ነው አራታችንን ያስተማሩን፡፡

“ታዲያ አባዬ፣ ስጦታውን ስንሰጥዎት ለምን አልነገሩንም? አልሄድም አይሉም ነበር?” አልኳቸው፡፡

“አዋጥታችሁ ገዝታችሁ እንዴት አልሄድም እላለሁ?” አሉ፡፡ “ደግሞ ማየት ፈልጌ ነበር፡፡ ለብቻ ሲሆን፣ ማንም ከላይ ሳይኖር፣ እንዴት እንደሆነ፡፡”

“እና?”

“እና ያ ልጅ እጁን ፍሬኑ ላይ አድርጎ እንዴት አያለሁ?”

ስማቸው የተሳሳተበት ምስክር ወረቀት ሳሎን ግድግዳ ላይ ከወንድሜ የምረቃ ፎቶ ጎን ተሰቅሏል፤ የሰቀለችው እናቴ ናት፡፡ ለቀሪው አንድ ዙር የሰጡን ቁራጭ ወረቀት እኔ ቦርሳ ውስጥ አለ፡፡ ሰሞኑን ልጠይቅላቸው ብዬ በሜዳው በኩል ሳልፍ ጎማዎቹ ተነሥተው የአንድ ሕንፃ መሠረት ሲቆፈር አገኘሁ፡፡ ስልካቸውም አይሠራም፡፡ ለአባዬ ደውዬ ብነግራቸው፣ “ተይው፡፡ ለመስቀል ግን ለጋሼ ጋቢ ግዙላቸው፤ የኔ ሦስት ነው” አሉኝ፡፡